«ያልተረዳች» የምትል አንዲት ቃል

ጡረታ ከወጣሁ ይህ ሁለተኛ ክረምቴ ነው። የመጋዘኑን ቁልፍ ያስረከብሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፤ ዳቦ ተቆረሰ፤ ኃላፊያችንም አጭር ንግግር አደረጉ። በንግግራቸው ውስጥ «ከሙሉጌታ እጅ አንድ ጆንያ እህል ጠፍቶ አያውቅም» የሚል ነበረበት። እውነት ነው፤ አልጠፋም። የኔ ጥፋት በጆንያ የሚለካ አልነበረም፤ በዚያ ዕለት ግን ያነሣው ሰው የለም።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ አዲስ ለተቀጠሩ የተረጂ መዝጋቢዎች ልምዴን እንዳካፍል ዳባት ላይ ግማሽ ቀን ሰጡኝ። ልጆቹ ሁሉም ታብሌት ይዘዋል፤ እኔ የያዝሁት እስክሪብቶና ደብተር ነው። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ በሥራ ዘመንዎ የሠሩት ትልቁ ስሕተት ምንድን ነው?» አለችኝ። ድብ ባሕር መጋዘን ውስጥ ስለ በቀለው ስንዴ ነገርኋት። ሸራው ተቀዶ ኖሮ ዝናብ ገብቶበት፣ ጆንያውን ስንፈታው አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀን። ሳቁ፤ ጻፉም። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን አፈርሁ። ትልቁ ስሕተቴ ስንዴው እንዳልሆነ አውቃለሁና።

ሥራ የጀመርሁት ዳባት ባለው የወረዳው የእርዳታ እህል መጋዘን ነው። የመደቤ ስም «የመጋዘን ረዳት» ነበር፤ ደመወዙ ለላጤ የሚበቃ፣ ላገባ ሰው የማይበቃ። አለቃዬ ጋሽ ወርቁ ይባሉ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር የማያበዙ ሰው። እህል የጫነ መኪና ሲመጣ ወረቀቱን ከማየታቸው በፊት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ይከቱ ነበር። መሐሉ ከዳሩ የሚሞቅ ከሆነ እህሉ እርጥበት ይዟል፤ ቢቀመጥ ይሻግታል። ከዚያ አንድ ፍሬ በጥርሳቸው ይሰብራሉ። ቀጭ ካለ ደርቋል፤ ለመጥ ካለ አልደረቀም። ጆሯቸውን ጆንያው ላይ ለጥፈው ነቀዝ ሲያዳምጡ መጀመሪያ ጊዜ የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ እኔም ያንኑ ስሠራ ሌሎች ሳቁብኝ። ሲያስደረድሩ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያስርቃሉ። ከሥር የእንጨት ርብራብ ይነጠፋል፤ የጆንያው አፍ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ አንዱ ረድፍ በቁሙ ከሆነ ከላዩ ያለው በአግድሙ ይሆናል። ይህ ሁሉ ዛሬም በማሠልጠኛ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ያልተጻፈው የስም ነገር ነው። በዚያ ዘመን እህል ሲታደል አንድ ሰው መኪና ላይ ይወጣና ከዝርዝሩ ስም እየጠራ ሕዝቡን ያስተናግድ ነበር። ጋሽ ወርቁ ይህን አድርገው አያውቁም። ከመጋዘኑ በር አጠገብ ባለ ሦስት እግር ዱካ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሰው ተራው ደርሶ ፊታቸው ሲቆም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስምዎ ማን ይባላል?» ይላሉ። ሰውየው ስሙን ይነግራቸዋል፤ ዝርዝሩ ላይ ይፈልጉታል፤ የጣት አሻራውን ያስነኩታል። ሥራው በእጥፍ ይረዝማል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አንተ ስም ስትጠራ ከስሙ ጋራ የሰውየውን ገበና ነው የምትጠራ» አሉኝ። «ባሏ ጥሏት የሄደች አለች፤ በሽታውን የደበቀ አለ፤ ይህ ሁሉ ወረቀቱ ላይ አለ። ራሱ ሲነግርህ ግን የፈለገውን ያህል ነው የሚነግርህ። ዝርዝሩ ያንተ ነው፤ ስሙ የሱ ነው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ዞርሁ። ደባርቅ ሠራሁ፤ ድብ ባሕር ከመንገዱ ዳር ባለች የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ሁለት ክረምት አሳለፍሁ፤ ቡይት ራስ ላይ ብርድ ተማርሁ። ከጨነቅ ማዶ ላሉ መንደሮች እህል የምናደርሰው በበቅሎ ነበር። ኩንታሉ ለሁለት ካልተከፈለ በቅሎዋ ቁልቁለቱን አትወርድም፤ የብሔራዊ ፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች ጠመንጃቸውን አንግተው ያጅቡን ነበር። አለቆችም ተፈራረቁብኝ። አንዱ በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ማኅተም ካላዩ አይተኙም ነበር፤ ሌላው ስብሰባ ያልተቀመጡበትን ቀን ከዕድሜያቸው የማይቆጥሩ ነበሩ። በስተመጨረሻ ዳባት ተመለስሁና የጋሽ ወርቁን መጋዘን ተረከብሁ። እሳቸው ያን ጊዜ ዐርፈው ነበር፤ ዱካቸው ግን በሩ አጠገብ ነበረች።

ስለ ጦርነቱ የምጽፈው የለኝም። እኔ የማውቀው ከጦርነቱ በኋላ በር ላይ የሚሰለፈውን ሰው ነው። መጀመሪያ ከቆላው ሽቅብ የወጣው ሕዝብ ደባርቅ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አደረ። ከዚያ ተኩሱ ራሱ ወደ ዳባት ዙሪያ ቀረበ። ተኩሱ ሲርቅ ደግሞ ሰው የጎደለባቸው ቤቶች ቀሩ። መንግሥትም ልዩ ልዩ ድርጅትም እህል ላከ፤ አልበቃም።

በዚያ ሰሞን ነው ደብዳቤው የመጣው። ከእስራኤል አገር፣ ባማርኛ የተጻፈ ነው። «ከመስጊዳችን ምእመናን፣ በጦርነቱ ለተጎዱ የዳባትና የደባርቅ ቤተሰቦች» ይላል። ኃላፊያችን «መስጊድ» የምትለዋን አይተው ጥግ ላይ «ለሼኹ ይመራ» ብለው ፈረሙበት። በሦስተኛው ቀን ሼኹ ራሳቸው ደብዳቤውን ይዘው ፈገግ እያሉ መጡ።

«ይህ የኛ አይደለም» አሉ። «ላዩ መስጊድ ይላል፤ ከሥሩ የፈረመው ቄስ ነው። ቄስ ያለበት መስጊድ ካገኛችሁ እኔንም ጥሩኝ፤ ልየው።»

ደብዳቤው ሲዞር ሲዞር እኔ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ለኔ እንቆቅልሽ አልነበረም። የተወለድሁት ከዳባት ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ከወንዙ ማዶ ጉብታው ላይ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩ ነበር። ጸሎት ቤታቸውን መስጊድ፣ ካህናቸውን ቄስ ይሉ ነበር። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ይሸምናሉ፤ ሴቶቹ ገንቦና ጀበና ይሠራሉ። የኛ ሰው ማረሻውን እነሱ ዘንድ ያስበጃል፤ ዞር ሲል ደግሞ ክፉ ስም ያወጣላቸዋል። እኔም ልጅ ሆኜ ያን ስም ጠርቻለሁ። ከዚያ ቤተሰብ በቤተሰብ እየሆኑ በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጡ፤ አንድ ቀን ስናይ ከጉብታው ጭስ አይወጣም።

ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ደወልሁ። ያነሣው ቄስ ያየህ የሚባሉ፣ ድምፃቸው የረጋ ሽማግሌ ናቸው። ከሰላምታው ቀጥሎ የጠየቁኝ ስለ እህል አልነበረም።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

የአባቴን ስም ነገርኋቸው።

«ከወንዙ ወዲያ የነበረው? ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት? አውቀዋለሁ። ማረሻውን አባቴ ነበር የሚያበጅለት።»

ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባን። ምእመናኑ ብርድ ልብስና ልብስ ሰብስበው ጸሎት ቤቱን ሞልተውታል። እኔ ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን ነገር ነገርኋቸው። «ልብሱን እዚያው ለተቸገረ ስጡ፤ እኛ ጋ እስኪደርስ ብርዱ ያልፋል። እህሉን ከዚሁ ግዙ። ግን ከአንድ ገበያ አይሁን፤ ከዳባትም ከደባርቅም ይከፈል። አለዚያ ዋጋው ሰማይ ይነካና ያልተረዳው ሰው ይጎዳል። የወፍጮውንም አስቡ፤ ተረጂ ግማሹን ሸጦ ነው ግማሹን የሚያስፈጭ።» አንድ በአንድ ሲጽፉ ይሰማኛል። ብዙ ለጋሽ አይቻለሁ፤ እንዲህ ዝም ብሎ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው።

ሲጨርሱ፣ «ሁለት ነገር አለን» አሉ። «አንደኛ፣ በሰንበት በስማችን ምንም እንዳይታደል። ሁለተኛ፣ እርዳታ አትበሉት። እዝን በሉት።»

እዝን ጎረቤት ለሐዘን ቤት የሚያመጣው ምግብ ነው፤ ይህን ለዳባት ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ቄስ ያየህ ግን የራሳቸውን አወጉኝ። ወገናቸው በሃይማኖታቸው ሕግ ምክንያት ከሌላ ሰው እጅ የበሰለ አይበላም ነበር። ያገሩ ሰው ይህን ስለሚያውቅ፣ እዚያ ማዶ ሰው ሲሞት ጥሬውን በአቁማዳ ቋጥሮ ከአጥራቸው ደጃፍ አስቀምጦ ይመለሳል። እጅ ለእጅ አይቀባበሉም፤ ከማን እንደሆነም አይነገርም።

«አባቴ የሞተ ለታ» አሉ፣ «ሽንብራ የተሞላ አቁማዳ በራችን ላይ አገኘን። ያባትህ ይሁን የሌላ አናውቅም። አልጠየቅንም። አሁን የምንልከው ያን ነው። ሰው የሞተባቸውን ቤቶች ፈልጉልንና ከደጃፋቸው አስቀምጡላቸው።»

ይህ እንደማይሆን ነገርኋቸው። የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ዝርዝር ይጠይቃል፤ የጣት አሻራ ይጠይቃል፤ እህል በየሰው አጥር ላይ እየተጣለ ሪፖርት አይጻፍም። «እናንተ የምታውቁት ነው» አሉና ተስማሙ። ያን ጊዜ በነገሩ የበሰልሁት እኔ ነኝ ብዬ ነበር።

ከወንዛችን ዳር ያለችው ቀበሌ ጸሐፊ የቀበሌውን ዝርዝር በእጁ ጽፎ ላከልኝ። የሟች ስም፣ የባለቤት ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፤ በመጨረሻው ዓምድ ማስታወሻ። ከመሐል አንዲት ሴት ነበረች፤ ወይዘሮ ጥሩዬ። ባሏ አስማረ። ማስታወሻው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ «ያልተረዳች»።

በኔ ሥራ ይህች ቃል አንድ ፍቺ ነው ያላት። እርዳታ ያገኘ ተረዳ፣ ያላገኘ አልተረዳም። በሥራ ዘመኔ ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፍኋት አላውቅም። በሰፈራችን ግን ሌላ ፍቺ አላት፤ የዘመዱን መርዶ የሰማ ሰው ተረዳ ይባላል፤ ገና ያልተነገረው አልተረዳም ይባላል። ይህን ፍቺ ጡት ስጠባ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የእርዳታ ዝርዝር ላይ ሳየው ግን ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ምስኪን፣ እስካሁን ማንም አልደረሰላትም ብዬ ከዝርዝሩ ራስ ላይ አወጣኋት።

ነገሩ በኋላ እንደ ሰማሁት እንዲህ ነው። አስማረ ቆላ የወረዱ ከብቶቹን ሊመልስ ሄዶ በተኩስ መሐል ሞተ። አብረውት የነበሩት ቀብረውት ተመለሱ። ጥሩዬ ያን ጊዜ የመውለጃዋ ወር ነበር። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ትውለድ አሉ፤ ሴት ልጅ ወለደች። አራስ መርዶ አትሰማምና የልጅቱ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ እስኪነሣ ይቆይ አሉ። የአስማረን እናት እማማ የሺን ግን አረዷቸው። እማማ የሺ ከምራታቸው ጋራ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ አራስ እያረሱ፣ ልጃቸው መሞቱን ይዘው ዝም አሉ። «ቆላ ከብት እየጠበቀ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ይመጣል» ይሏት ነበር።

እህሉ የመጣው ዓርብ ወደ ማታ ነው። ቅዳሜ የላኪዎቹ ሰንበት ነው፤ ቃል ገብቻለሁ፣ አላደልንም። እሑድ የኛው ነው። ሰኞ ጠዋት የሁለት ቀበሌ ሰው፣ እደላው ለሐዘንተኛ መሆኑ ሳይነገረው፣ ባንድ ላይ መጣ። ሾፌሩ መኪናዬን ልቀቁልኝ ይላል፤ ሰልፉ ዞሮ መንገዱን ዘግቷል። ዱካዬ ላይ ተቀምጬ ስም መጠየቅ ጀምሬ ነበር። ከቢሮ የድምፅ ማጉያ አምጥተው ነበርና ሾፌሩ፣ «ጋሽ ሙሉ፣ እንዲህ ከሆነማ ነገም አይጨርሱ» አለኝ። ተነሣሁ። ማጉያውን ያዝሁና መኪናው ላይ ወጣሁ። በዚያ መጋዘን በር ላይ ስም ስጠራ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

«የሟች አስማረ ባለቤት፣ ወይዘሮ ጥሩዬ!»

ከሰልፉ ውስጥ ያገሬው ሰው መሬት መሬቱን አየ። ልጇን ያዘለች ቀይ ወጣት ሴት ሁለት እርምጃ ወጣ አለች።

«የማን ባለቤት ነው ያሉት?» አለችኝ።

ያልሰማችኝ መሰለኝ። ወረቀቱን አየሁና ጮክ ብዬ ደገምሁት። «የሟች አስማረ።»

ይህን መድገሜን ነው እስካሁን ከራሴ ላይ ማውረድ ያቃተኝ። የመጀመሪያው ስሕተት ነው እንበል። ሁለተኛውን ጊዜ ፊቷን አይቼ ቢሆን ኖሮ አልለውም ነበር፤ እኔ ያየሁት ወረቀቱን ነው።

ጥሩዬ አልጮኸችም፤ ቁጭ አለች። የጮኹት ከኋላዋ የቆሙት እማማ የሺ ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ የያዙት ለቅሶ ባንድ ጊዜ ወጣ። ሴቶቹ ተከትለው አለቀሱ፤ ሰልፉ ፈረሰ፤ የዚያ ቀን እደላም በዚያው ቀረ። ከመኪናው እንዴት እንደወረድሁ አላስታውስም።

በማግስቱ የቀረው ሕዝብ ስሙን እየተጠየቀ እህሉን ወሰደ። የጥሩዬ ድርሻ ግን፣ ሁለት ጆንያ፣ ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎባቸው ከበሩ አጠገብ ቀሩ። ሰው ብልክ አልቀበልም አለች። ከድንጋጤው በኋላ ጡቷ ነጥፏል። አንዲት አራስ ጎረቤቷ ከልጇ ጋራ አብራ ታጠባላት ነበር፤ ለሁለት ሕፃን ግን አልበቃም፤ ልጅቱ እየመነመነች ሄደች። የጤና ኬላዋ ባለሙያ አልሚ ምግብ ይዛ ብትሄድ ጥሩዬ የጠየቀቻት አንድ ነገር ነው፤ «ስሜ ዝርዝር ላይ አለ?» አለ ስትላት ምግቡን መለሰችላት። ራሷም እህል አትቀምስም ማለት ይቻላል።

ሦስት ጊዜ ሄድሁ። በሦስተኛው እማማ የሺ አጥሩ በር ላይ አቆሙኝ።

«እኔ እናቱ ነኝ» አሉ። «እንባዬን እየዋጥሁ፣ ገንፎ እያገነፋሁ፣ እየሣቅሁ ያቆየሁትን ነገር አንተ ባንድ ጩኸት በተንኸው። እህልህን ብትበላ ሞቱን የበላች ይመስላታል። ምን ላድርጋት? ልጂቱም ልትከተለው ነው።»

 ለኃላፊያችን ሄጄ ጥፋቴን ተናገርሁ፤ «የቃል አለመግባባት ነው፣ ይታለፍ» አሉ። ለኔ አላልፍ አለኝ። ማታ ማታ ከመጋዘኑ ስወጣ ሁለቱን ጆንያ ማየት ስለጠላሁ በሌላኛው በር መውጣት ጀምሬ ነበር። በመጨረሻ ለቄስ ያየህ ደወልሁና ሁሉንም ነገርኋቸው። እናንተ በደጃፍ ይቀመጥ ብላችሁ ነበር፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልሁት አልኋቸው።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «እህሉ የት ነው ያለው?» አሉ።

«መጋዘን ውስጥ።»

«አትንካው። ክረምቱ ሲወጣ ልመጣ ነበር፤ አሁን እመጣለሁ።»

በሁለተኛው ሳምንት ጎንደር ደረሱ፤ እኔው ሄጄ ተቀበልኋቸው። ነጭ ጥምጣም ጠምጥመዋል፣ ጥላ ይዘዋል፣ ጉልበታቸው ደክሟል። ዳባት እንደገባን የወንዙን ማዶ ጉብታ ማየት ፈለጉ። ጸሎት ቤቱ የነበረበት ቦታ ገብስ ተዘርቶበታል፤ ከዳር የግድግዳው ድንጋይ ጥቂት ቀርቷል። ቆመው ጥቂት አዩና፣ «ገብሱ ጥሩ ነው» አሉ። 

መጋዘን ስንደርስ ጆንያዎቹን አስፈቱኝ። «ይህ ጆንያ ጽሑፍ አለበት» አሉ። «ጽሑፍ ያለበት ነገር እዝን አይሆንም።» ከገበያ አራት አቁማዳ ገዛንና ገብሱንና ሽንብራውን ገለበጥነው። ስሟ የተጻፈበትን ወረቀት ነቅዬ ኪሴ ከተትሁ። ይህ ሁሉ ከመመሪያው ውጭ ነው፤ ሪፖርቱ ላይ «በሽማግሌ ምስክርነት ተሰጠ» ብዬ ነው የጻፍሁት። ከሄድን አይቀር ብዬ ከአስማረ ጋራ የነበሩትን ሁለት ሰዎች ፈልጌ አገኘሁና እንዴት እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ ጠየቅኋቸው። እነሱም አብረውን ሊሄዱ ተስማሙ። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነውና በዚያ ሰዓት ሄድን።

ቄስ ያየህ አቁማዳዎቹን ከአጥሩ በር ላይ በተርታ አስቀምጠው እሳቸው ከውጭ ቀሩ። እኔና ሁለቱ ሰዎች ገባን። እማማ የሺ በሩን ከፈቱ፤ እኛን ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ጥሩዬ ልጇን ታቅፋ ወጣች፤ አንገቷ ቀጥኗል። ይቅርታ የምለምንበትን ቃል መንገድ ላይ ሳጠና ነበር የመጣሁት። ገና ስጀምር እጇን አነሣች።

«ይቅርታውን ይተዉት» አለች። «ይንገሩኝ።»

«ምን ልንገርሽ?»

«ያን ለታ የነገሩት ለሰልፉ ነው። ለኔ የነገረኝ ሰው የለም። ይንገሩኝ።»

እጄ ባዶ ነበር፤ ማየት የምችለው እሷን ብቻ ነው። «ጥሩዬ» አልሁ፤ «አስማረ ዐርፏል። ከብቶቹን እየነዳ ሲመለስ ነው። እነዚህ ጓደኞቹ አልጣሉትም። እዚያው ቆላ ካለችው ማርያም ቀብረውታል፤ ፍትሐትም ተደርጎለታል።»

ሰዎቹን አየቻቸው። «ጋቢው ነበረው?» አለች።

«ነበረው» አለ አንዱ። «በሱው ነው የገነዝነው።»

ጋቢውን የፈተለችው እሷ ናት። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ጮኻ፣ ስሙን እየጠራች፣ እንደ ወጉ። እማማ የሺ ተቀበሏት። ሁለቱ ሰዎች አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ፤ በዚያ ሥራ ላይ ሳለሁ ያለቀስሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጎረቤት ድምፁን ሰምቶ እየሮጠ መጣ፤ ግቢው ሞላ።

ፀሐይ ከፍ ሲል ጥሩዬ አቁማዳዎቹን አየች። «ይህስ ከማን ነው?»

ቄስ ያየህ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ከጎረቤት ነው፣ ልጄ። እዝን ነው» አሉ።

«ከየት ጎረቤት?»

በጥላቸው ጫፍ የወንዙን ማዶ ጉብታ አመለከቱ። እሷ አልገባትም፤ ስትወለድ ጉብታው ባዶ ነበር። እማማ የሺ ግን ቀረብ አሉና ሽማግሌውን ትክ ብለው አዩዋቸው።

«የአንጥረኛው ልጅ!» አሉ። «አንተ ያየህ አይዶለህም?»

«ነኝ።»

«ቆያችሁሳ» አሉና ጎንበስ ብለው አንዱን አቁማዳ አነሡ። ላግዝዎት ብላቸው እንቢ አሉኝ። አራቱንም በየተራ ራሳቸው ወደ ቤት አስገቡ። የዚያኑ ቀን ጎረቤቶቹ ሽንብራውን ንፍሮ ቀቀሉት፤ ጥሩዬም አብራ በላች። ከዚያ ወዲያ የጤና ባለሙያዋን አልመለሰቻትም። ልጂቱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች፤ ዛሬ እንደ ልቧ ትሮጣለች።

ቄስ ያየህ ከተመለሱ በኋላ ምእመናኑ መላካቸውን አላቆሙም። ለኛ መሥሪያ ቤት ግን ዝርዝር ጠይቀው አያውቁም። ሽማግሌዎቹ ቤቱን ያውቃሉ፤ እህሉ ጽሑፍ በሌለው አቁማዳ ሆኖ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለው ጎህ ላይ ከደጃፍ ይቀመጣል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጫኝና አውራጅ ሆኜ አብሬ ሄጃለሁ። በሥራ ዘመኔ ከሠራሁት ሁሉ ሪፖርት ያልተጻፈለት ይህ ነው፤ የምኮራበትም ይኸው ነው።

ያቺ ስለ ትልቁ ስሕተቴ የጠየቀችኝ መዝጋቢ ልጅ ታብሌቷን አሳይታኝ ነበር። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ «ተረድቷል»፣ ሌላው «አልተረዳም»፤ አንዱን መንካት ነው። ቀላል ነው አለችኝ። ቀላል አይደለም ማለት ነበረብኝ።

ከጆንያው የነቀልኋት ወረቀት አሁንም ከኔ ዘንድ ናት፤ የጸሐፊውን ማስታወሻ በራሴ እጅ ገልብጬባት ነበር። ያን ቀን ከጥሩዬ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ቆሜ አወጣኋትና «ያልተረዳች» ከሚለው የፊተኞቹን ሁለት ፊደል ሰረዝሁ። «ተረዳች» ቀረ።